መድኃኒት በልኩ፤ ስለ ድመት የስኳር ሕመምና ስለ ኢንሱሊን አሰጣጥ

መድኃኒት ሁሉ ልክ አለው። ከልኩ ያነሰ መድኃኒት አያድንም፤ ከልኩ ያለፈም ይገድላል። ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ ዳሩ ግን የሚያውቀው ብዙ ሲሆን የሚፈጽመው ጥቂት ነው። ከመድኃኒቶችም ሁሉ ይልቅ ልክን አጥብቆ የሚፈልገው ለስኳር ሕመም የሚሰጠው ኢንሱሊን ነው፤ ይኸውም ሲያንስ ሕመሙ ሳይነካ ይቀራል፤ ሲበዛ ደግሞ በጥቂት ሰዓት ውስጥ አእምሮን አስቶ ሕይወትን እስከ ማሳለፍ ይደርሳል። ስለዚህ ዛሬ የምንጽፈው ስለዚሁ መድኃኒት አሰጣጥና ስለ ደም ስኳር አለካክ ነው። ምሳሌያችንን የወሰድነው ግን ከሰው ሳይሆን ከአንዲት ድመት ነው፤ አንባቢም ነገሩን እስከ መጨረሻው ሳይሰማ እንዳይስቅብን እንለምናለን።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በአየር ጤና አካባቢ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ከሴት ልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋራ ይኖራሉ። እኒህ እናት የስኳር ሕመም ካገኛቸው ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ጧትና ማታም ኢንሱሊን ይወስዳሉ። በቤታቸው አሥር ዓመት ያህል የኖረች ድመት አለቻቸው፤ በወጣትነቷ የጓዳውን አይጥ ስታሳድድ የኖረች ናት፤ በኋላ ግን ከምድጃው ዳር መተኛት አብዝታ ወፈረች። ባለፈው ዓመት ክረምቱ ከወጣ በኋላ ይህች ድመት ውኃ ማብዛት ጀመረች። ሳሕኗን ጨርሳ ወደ ባልዲው፣ ከባልዲውም ወደ ቧንቧው ሥር ትሄዳለች፤ ሽንቷ በዛ፤ የሚሰጣትንም ሁሉ ትበላለች፤ ነገር ግን ሥጋዋ ከቀን ወደ ቀን ይቀንሳል። የቤቱ ሰዎች እርጅና ነው ብለው ዝም አሉ። እናቲቱ ግን ጥቂት ቀን ከተመለከቷት በኋላ፣ «ይህስ የእኔው ደዌ ነው፤ እኔንም ሲጀምረኝ እንዲሁ ውኃ ውኃ ይለኝ ነበር» አሉ።

ጎረቤቶች ይህን በሰሙ ጊዜ ሳቁ። «ድመት ደግሞ የስኳር ሕመም ያገኛታልን? ቢያገኛትስ ለሰው ያልበቃ መድኃኒት ለድመት ይሰጣልን?» አሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ የዕውቀት ጥያቄ ስለ ሆነ መልሱ ቀላል ነው፤ ሁለተኛው ግን የሕሊና ጥያቄ ስለ ሆነ የመጀመሪያውን ከጨረስን በኋላ እንመለስበታለን።

ከምንበላው እህል የሚወጣው ስኳር በደም አማካይነት ወደ አካል ሁሉ ይደርሳል። ነገር ግን ወደ ሥጋ ውስጥ ገብቶ ኃይል እንዲሆን በር የሚከፍትለት ያስፈልገዋል፤ ይህንም ሥራ የሚሠራው ከጨጓራ በስተ ኋላ ያለው ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን ሲጠፋ፣ ወይም አካል ለእርሱ አልታዘዝ ሲል፣ ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ አካልም በጥጋብ መካከል ይራባል። ኩላሊት የተረፈውን ስኳር ከሽንት ጋራ ያስወጣል፤ ስኳሩም ውኃን እየሳበ ስለሚወጣ ሽንት ይበዛል፤ ሽንት ሲበዛ ጥም ይመጣል። የጥንት ግሪኮች ሕመሙን ዲያቤቴስ ብለው የጠሩት በሽተኛውን ውኃ እንደሚያልፍበት ቱቦ ቈጥረውት ነው፤ የሕንድ ሐኪሞችም በሽተኛው በሸናበት ቦታ ጉንዳን ሲሰበሰብ አይተው «የማር ሽንት» ብለውታል።

በሰው ዘንድ ሕመሙ ሁለት ዋና ዋና ዓይነት አለው። በአንደኛው ዓይነት፣ አብዛኛውን ጊዜ በልጆችና በወጣቶች ላይ እንደሚታየው፣ ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨቱን ያቆማል፤ እንዲህ ያለው በሽተኛ ያለ ኢንሱሊን መኖር አይችልም። በሁለተኛው ዓይነት ቆሽት ቢሠራም አካል ለኢንሱሊን መታዘዝን ይተዋል፤ ቆሽቱም ከብዙ ድካም በኋላ ይዝላል። የድመት ሕመም በብዙው የሚመስለው ይህን ሁለተኛውን ነው። ከሰባት ዓመት በላይ የሆናቸው፣ የወፈሩና ከቤት የማይወጡ ድመቶች፣ ይልቁንም የተኮላሹ ወንዶች፣ ከሌሎቹ ይበልጥ ይታመማሉ፤ ስቴሮይድ የሚባለውን መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የወሰዱትም እንዲሁ ናቸው።

ሰውና እንስሳ በዚህ ሕመም አንድ መሆናቸው ዛሬ የተገኘ ዕውቀት አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1889 ዓ.ም. ሚንኮቭስኪና ፎን ሜሪንግ የተባሉ ሐኪሞች በስትራስቡርግ ከተማ የአንድ ውሻ ቆሽት ቢያወጡ ውሻው በስኳር ሕመም ተያዘ፤ የሕመሙ ምንጭ የት እንደ ሆነም በዚህ ታወቀ። በ1921 በካናዳ አገር በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ባንቲንግና ቤስት የተባሉት ሰዎች በፕሮፌሰር ማክላውድ ቤተ ሙከራ ብዙ ውሾችን መርምረው ከቆሽት የወጣው ቅመም የደምን ስኳር እንደሚያወርድ አረጋገጡ። በጃንዋሪ 11 ቀን 1922፣ ማለት ጥር 3 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ ሌኦናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ። መድኃኒቱ ገና ስላልጠራ አልሆነለትም፤ ኮሊፕ የተባለው ሊቅ አጥርቶ ካዘጋጀው በኋላ ግን በ12ኛው ቀን ዳግመኛ ቢወጋ ስኳሩ ወረደለት። በሚከተለው ዓመት ባንቲንግና ማክላውድ የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ፤ የግኝቱም ባለቤቶች መብታቸውን ለዩኒቨርሲቲው የሸጡት እያንዳንዳቸው በአንድ ዶላር ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ስድሳ ዓመት ያህል የዓለም በሽተኞች ሁሉ የኖሩት ከከብትና ከአሳማ ቆሽት በወጣ ኢንሱሊን ነው። በረቂቅ ሕዋስ አማካይነት የሚሠራው የሰው ኢንሱሊን በአሜሪካ አገር ለሽያጭ የተፈቀደው በ1982 ነው። የድመት ኢንሱሊን ከከብት ኢንሱሊን የሚለየውም አሚኖ አሲድ ከሚባሉት ክፍሎቹ በአንዱ ብቻ ነው። እንግዲህ ድመት የስኳር ሕመም ያገኛታል ማለት የሚያስቅ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም የሰው ልጅ መድኃኒቱን ያገኘው ከእንስሳ ነው።

ወደ ኮልፌዋ ድመት እንመለስ። የልጅ ልጅየው በካርቶን አድርጎ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰዳት። በዚያ ደሟ ቢለካ 340 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሆነ፤ የጤነኛ ድመት ስኳር ግን ከ70 እስከ 150 ያህል ነው። ሆኖም ሐኪሙ ወዲያው መድኃኒት አላዘዙም። «ድመት በፍርሃት ብቻ ስኳሯ ከ300 በላይ ሊወጣ ይችላል፤ በመንገድ የተንገላታች፣ በውሻ ጩኸት የደነገጠች ድመት የሰጠችንን ቁጥር አምነን መርፌ ብንጀምር ጤነኛዋን ልንገድል እንችላለን» አሉ። ስለዚህ ሽንቷን መረመሩ፤ በሽንቷም ስኳር ተገኘ። የድመት ኩላሊት ስኳርን ወደ ሽንት የሚለቀው በደሟ ያለው ከ250 እስከ 300 ያህል ሲደርስ ስለ ሆነ ይህ ትልቅ ምስክር ነው። ከዚህም ጋራ በቤቷ ሳለች ጥቂት ቀን እንድትለካ አዘዙ፤ በቤትም እየተለካች ስኳሯ ሳይወርድ በቀረ ጊዜ ሕመሙ ተረጋገጠ። የደም ምርመራው በሚሟላበት ስፍራም ፍሩክቶሳሚን የሚባለው ምርመራ ያለፉትን አንድና ሁለት ሳምንታት አማካይ ስለሚያሳይ የአንድ ቀን ድንጋጤ አያታልለውም።

ሐኪሙ ድመቷን ወለል ላይ አስኪደው ሲመለከቱ የኋላ እግሯን በጣቷ ሳይሆን በቁርጭምጭሚቷ እየረገጠች ስትሄድ አዩ። ይህም የስኳሩ ብዛት ነርቭን መጉዳቱን የሚያሳይ ምልክት ነው። የኮልፌ ቀራንዮ ሰው የነርቭ ጉዳት ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ በዘነበ ወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ትምህርት የተመሠረተ ነውና። በሥጋ ደዌ ስሜቱ የጠፋ እግር እሾህ ሲወጋው፣ ጫማ ሲልጠው አያውቅም፤ የስኳር ሕመምም በሰው እግር ላይ ይህንኑ ያደርጋል። ሕመም የማይሰማው አካል ጠባቂ የሌለው ቤት ነው፤ ስለዚህ የስኳር በሽተኛ የሆነ ሰው በየማታው እግሩን በዓይኑ ሊመረምር ይገባዋል።

ከዚህ በኋላ የታዘዘው መድኃኒት ረጅም ሰዓት የሚሠራው ግላርጂን የሚባለው ኢንሱሊን ነው፤ ልኩም አንድ ዩኒት፣ ጧት በ1 ሰዓትና ማታ በ1 ሰዓት። በአገራችን በብዛት የሚታወቀው ደመናማው ኤን ፒ ኤች የተባለው ኢንሱሊን በድመት አካል ውስጥ ቶሎ ስለሚያልቅ ለእርሷ የሚመረጥ አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር እንናገር። ለሰው የሚሸጠው ኢንሱሊን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ያለው ነው፤ ለእንስሳት ተብለው ከሚዘጋጁት አንዳንዶቹ ግን 40 ዩኒት ብቻ ያላቸው ናቸው፤ ሲሪንጁም እንደየመድኃኒቱ ልዩ ልዩ ነው። ባለ 100 ዩኒቱን መድኃኒት በባለ 40 ሲሪንጅ የቀዳ ሰው ከታዘዘው ሁለት እጥፍ ተኩል ይሰጣል። ስለዚህ በብልቃጡና በሲሪንጁ ላይ የተጻፈው ቁጥር አንድ መሆኑን ሳያዩ መቅዳት ከቶ አይገባም።

አቀማመጡም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚሆን ቅዝቃዜ ይቀመጣል፤ በረዶ የነካው ግን ቢቀልጥም ስለማይረባ ይጣላል፤ ስለዚህ ከማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል አጠገብ አይደረግም። የተከፈተው ፀሐይ በማይደርስበት ቀዝቃዛ ስፍራ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። የአዲስ አበባ ከፍታ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለ ሆነ አየራችን ለዚህ ይስማማል። መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ወይም ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ትንሽ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ አስገብቶ በመካከሉ እርጥብ አሸዋ ማድረግ ነው፤ ብልቃጡም ውኃ እንዳይነካው ተጠቅልሎ በውስጠኛው ይቀመጣል። ውኃው በሸክላው በኩል ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዛል፤ እናቶቻችን የእንስራ ውኃ የሚቀዘቅዘው በምን እንደ ሆነ ያውቃሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል፤ ይኸውም መለካት ነው። ሰው ሲያመው ራሴን አዞረኝ፣ ላብ አጠመቀኝ ይላል፤ ድመት ግን አፍ የላትም። አፏ መለኪያው ነው። ደሟ የሚወሰደው ከጆሮዋ ጠርዝ ነው፤ በመጀመሪያ ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ጆሮዋ ላይ ጥቂት ጊዜ ይያዛል፤ ደም ሥሩ ሲሰፋ በትንሿ መርፌ ጫፉ ይነካል፤ አንዲት ጠብታም በመለኪያው ስትሪፕ ላይ ትደረጋለች። ቀጥሎ ቦታው በጥጥ ይያዛል፤ ለድመቷም ቁራሽ ሥጋ ይሰጣታል። በመጀመሪያው ሳምንት ልጁ ሦስት ጊዜ ተቧጭሯል፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን ድመቷ መለኪያውን ባየች ጊዜ ሥጋው እንደሚመጣ አውቃ ራሷ ትቀርብ ጀመር። ለሰው የተሠራ መለኪያ በድመት ደም ላይ ከእውነተኛው ዝቅ ያለ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ በአንድ መለኪያ መለካትና የመለኪያውንም ዓይነት ለሐኪሙ መናገር ያስፈልጋል። የእናቲቱ መርፌና የድመቷ መርፌ መቼም መደባለቅ የለበትም።

እንዲህ ሆኖ ሦስት ሳምንት በደኅና ካለፈ በኋላ በዚያ ቤት ክፉ ሌሊት መጣ። ልጁ በማታው 1 ሰዓት መርፌውን ሰጥቶ ለጥናት ወደ ጓደኛው ቤት ሄደ። እናቱ ከጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ ዘግይታ በ2 ሰዓት ተኩል ገባች፤ ድመቷም እንደ ልማዷ ስትጮህባት አይታ መርፌው ያልተሰጠ መሰላትና ዳግመኛ ወጋቻት። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ድመቷ ተንገዳግዳ ወደቀች፤ ዓይኗ ፈጦ እግሮቿ ይንቀጠቀጡ ጀመር። ቢለኳት 38 ሆነ። የቤቱ ሰዎች ሲጮኹ አሮጊቷ እናት ከመኝታቸው ተነሥተው፣ «ማር አምጡ፤ በአፏ ውስጥ እንዳታፈሱባት፤ ድዷን ብቻ ቀቡት» አሉ። ልጅቱም ጣቷን ከጥርሷ እየጠበቀች ድዷን ማር ቀባች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ድመቷ ራሷን አነሣች፤ ምግብ ሰጧት፤ እስኪነጋም በየግማሽ ሰዓቱ እየለኩ አደሩ፤ በነጋም ጊዜ ወደ ሐኪም ወሰዷት።

ይህ ጥፋት የክፋት አይደለም፤ የስንፍናም አይደለም። ሁለት ሰዎች ድመቲቱን ወደዷት፤ ሁለቱም ሥራቸውን ሠሩ፤ ነገር ግን ማን እንደ ሠራ የሚናገር ጽሑፍ አልነበረም። በማግሥቱ ልጁ አንድ ደብተር ገዝቶ በጓዳው በር ላይ በክር አንጠለጠለ። በደብተሩም ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የስኳሩ ቁጥር፣ የበላችው ምግብ፣ የተሰጠው ዩኒትና የሰጪው ስም ይጻፋል። ሕጉም አራት ነው፤ ሳይለኩ መውጋት የለም፤ ያልበላችን ድመት ሐኪም ሳይጠይቁ መውጋት የለም፤ መርፌው መሰጠቱ ከተጠራጠረ እንደ ተሰጠ ይቈጠራል፤ ያለፈውንም መርፌ ለማካካስ እጥፍ አይሰጥም። አንድ መርፌ ቢቀር ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ አንድ መርፌ ቢደገም ግን ሞት ነውና።

ደብተሩ ለሐኪሙም ብርሃን ሆነ። በአንድ ቀን ውስጥ ከጧቱ መርፌ በፊት ጀምሮ በየሁለት ሰዓቱ እስከ 12 ሰዓት ድረስ ሲለካ፣ ስኳሩ መቼ እንደሚወርድና እስከ የት እንደሚወርድ ይታያል። ልክ የሚጨመረው ወይም የሚቀነሰው በዚህ ዝቅተኛ ቁጥር እየተመራ ነው እንጂ አንድ ቀን ከፍ ብሎ ስለታየ አይደለም። ችኩል ሰው ዛሬ 300 አይቶ ነገ መድኃኒት ይጨምራል፤ ታጋሽ ግን አንድ ሁለት ሳምንት ጠብቆ ሐኪሙን ይጠይቃል።

ስለ ምግብም ጥቂት እንበል። ድመት በተፈጥሮዋ ሥጋ በል ናት፤ እኛ ግን እንጀራ በወጥና ዳቦ በወተት እናበላታለን፤ በጾም ወራትም ቤቱ ሁሉ ሽሮ ሲበላ እርሷም ሽሮ ትበላለች። ለታመመች ድመት ይህ ስኳር መጨመር ነው። በዚያ ቤት ከሥጋ ቤት ሳንባ እየተገዛ፣ ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ ተቀቅሎ ከሌላም ሥጋና ከእንቁላል ጋራ ይሰጣት ጀመር፤ ሽንኩርት የድመትን ደም የሚያበላሽ መርዝ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ነገር ግን ምግብ ሲለወጥ የሚያስፈልገው ኢንሱሊን በፍጥነት ሊቀንስ ስለሚችል በእነዚያ ቀናት መለካትን ማብዛት ግዴታ ነው።

አሁን ከሁሉ የበለጠውን እንናገር። አሮጊቷ እናት ለብዙ ዓመት ኢንሱሊን ሲወስዱ ስኳራቸውን የሚለኩት ወደ ሐኪም በሚሄዱበት ቀን ብቻ ነበር። መለኪያው በቤት ሳለ፣ «ስትሪፑ ውድ ነው፤ ሰውነቴም ራሱ ይነግረኛል» ይሉ ነበር። አንድ ማታ የልጅ ልጃቸው ደብተሩን ይዞ፣ «እማማ፣ ለድመቷ በቀን ሁለት ጊዜ እንለካለን፤ ለእርስዎ ግን በወር አንድ ጊዜ ነው፤ እርስዎ ከድመቷ ያንሳሉን?» አላቸው። እናቲቱም ስቀው እጃቸውን ሰጡ። በደብተሩ በሁለተኛው ገጽ ስማቸው ተጻፈ። በጥቂት ቀን ውስጥ የታየው ነገር ግን የሚያስቅ አልነበረም፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስኳራቸው 58 ሆኖ ተገኘ፤ በሰው ዘንድ ከ70 በታች የወረደ አደጋ ነው። እርሳቸው ግን ምንም አልተሰማቸውም ነበር። ሕመሙ የቈየባቸው ሰዎች የስኳርን መውረድ የሚያስጠነቅቀው መንቀጥቀጥና ላብ ሊጠፋባቸው እንደሚችል ሐኪሞች ያስተምራሉ። ሐኪማቸው ደብተሩን አይተው የማታውን መርፌ ቀነሱላቸው። ድመቷ አፍ ስለሌላት ለኳት፤ አፍ ያላቸው እናትም አካላቸው ዝም ብሎባቸው ኖሯል።

ይህ ነገር በጾም ወራት ይልቁን ሊታሰብ ይገባዋል። በኮልፌ ቀራንዮ ክርስቲያኑም እስላሙም ጐን ለጐን ይኖራሉ፤ ዐቢይ ጾምም ረመዳንም በየዓመቱ ይመጣሉ። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው የምግቡን ሰዓት ሲለውጥ የመርፌውን ሰዓትና ልክ ሳይለውጥ ቢቀር በባዶ ሆድ ይወድቃል። ስለዚህ ጾም ከመግባቱ አስቀድሞ ሐኪሙንም የሃይማኖት አባቱንም ማማከር የእምነት ጕድለት አይደለም።

ወደ ኋላ ያቈየነው ጥያቄ ይህ ነበር፤ ለሰው ያልበቃ መድኃኒት ለድመት ይሰጣልን? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ኢንሱሊን ለማግኘት የሚቸገር ልጅ ባለበት አገር ይህን የማይጠይቅ ሰው ልቡ ደንዳና ነው። መልሳችንም እንዲህ ነው። ለሕዝብ በሕክምና ጣቢያ ከሚታደለው ኢንሱሊን፣ ወይም ከእናቲቱ ድርሻ፣ ለድመት አንዲት ጠብታ አይነካም። የድመቷ መድኃኒት በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝና በባለቤቱ ገንዘብ ይገዛል። ትልቁ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ 1,000 ዩኒት ይይዛል፤ በቀን ሁለት ዩኒት የምትወስድ ድመት ግን በወር ከ60 አታልፍም፤ ስለዚህ ለእርሷ ባለ 3 ሚሊ ሊትሩን መግዛት ከብክነት ያድናል። ይህን ለማድረግ አቅም የሌለው ሰው በምግብ ብቻ ሊረዳት ይሞክር፤ ስቃይዋ ከበዛም ሐኪሙ በሰላም እንዲያሳርፋት ቢለምን የሚነቅፈው የለም። ከዚህ አልፎ ግን ነገሩን መርምረን ብናየው፣ በድንጋጤ የተደገመ፣ በበረዶ የተበላሸ፣ ሳይለካ የፈሰሰ ኢንሱሊን ሁሉ ከሰው የተወሰደ ነው። የሰውን ድርሻ የምናስከብረው ድመትን በመጥላት ሳይሆን መድኃኒትን በማክበር ነው።

ስለ መርፌዎቹም አንድ ቃል እንጨምር። የተወጋበት መርፌ በቆሻሻ ከረጢት ውስጥ በተጣለ ጊዜ የሚወጋው ከቤት ቤት ቆሻሻ የሚሰበስበው ድኻ ወንድማችን ነው። ስለዚህ ክዳን ባለው ጠንካራ ዕቃ ውስጥ ተጠራቅሞ ወደ ሕክምና ስፍራ ይወሰድ።

ድመቷ ዛሬ በደኅና አለች። ሥጋ መብላት ከጀመረችና ስኳሯ ከተስተካከለ በኋላ የመድኃኒቷ ልክ ቀስ በቀስ ቀንሶ በአምስተኛው ወር ሐኪሙ መርፌውን አቆሙላት፤ ሕክምናው ቶሎ ከተጀመረ በድመት ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ይሆናል። ሆኖም ሕመሙ ሊመለስ ስለሚችል በየሳምንቱ ትለካለች፤ እግሯም በጣቷ መርገጥ ጀምሯል። የእናቲቱ መርፌ ግን አልቆመም፤ የሚቆምም አይደለም። ደብተሩም ከጓዳው በር አልወረደም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛም በሽታውን ያልለካም እንዲሁ ነው እንላለን። በየቤታችሁ ኢንሱሊን የሚወስድ አባት፣ እናት ወይም ልጅ ያላችሁ አንባቢዎች ሆይ፣ ዛሬ ማታ አንድ ደብተር በክር አንጠልጥሉ፤ ሰዓቱንና ቁጥሩን፣ የሰጪውንም ስም ጻፉበት። ዋጋው ጥቂት ነው፤ የሚያድነው ግን ነፍስ ነው።